ምርኮኛው ሐምሌት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ባለፈው ስለ አንድ የሩሲያ ተዋናይ እዚሁ ሁለት መስመር ጥዬ ነበር፤ ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ። አንዱ ወዳጄ «ይሄን ስም ሳልሰናከል ከጠራሁ እኔም አክተር ነኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ሌሎች ደግሞ በውስጥ መስመር «ማነው? ምን ሠርቷል?» እያላችሁ ጠየቃችሁ። በሁለት መስመር የሚያልቅ ሰው ስላልሆነ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ ውሰዱልኝ፤ የእኛው አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።

ለሩሲያውያን ይሄ ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በሶቪየት ዘመን ከነበሩት ተዋንያን ሁሉ ማን ይበልጣል ብላችሁ ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ግን የእሱ ስም ሳይነሳ የሚያልቅ ጭቅጭቅ አይደለም። ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞች ሠርቷል። በቴአትር መድረክ ልዑል ሚሽኪንን፣ ንጉሥ ፊዮዶርን፣ የቼኾቭን ኢቫኖቭን ተጫውቷል። በሲኒማ ደግሞ ሐምሌትን፣ ሞዛርትን፣ ቻይኮቭስኪን፣ አጎት ቫንያን፣ ሌኒንን ሳይቀር ሆኗል። የታርኮቭስኪን «መስታወት» ያያችሁ ደግሞ ፊቱን ባታዩትም ድምፁን ታውቁታላችሁ፤ ተራኪው እሱ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የሥራው ብዛት አይደለም። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንም አያውቀውም ነበር፤ የማይታወቀው ደግሞ ችሎታ አጥቶ ብቻ አይደለም። እንዳይታወቅ የሚያስፈራው ነገር ነበረው።

የተወለደው በማርች 1925 ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ቶምስክ አካባቢ፣ ታቲያኖቭካ የምትባል መንደር ነው። ያኔ የቤተሰቡ ስም ስሞክቱኖቪች ነበር። ልጅ ሆኖ ረሃብ መጣ፤ እናትና አባት የሚያበሉት ሲያጡ እሱንና ወንድሙን ክራስኖያርስክ ለምትኖር ልጅ ላልነበራት አክስታቸው ሰጧቸው። ይሄን ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። አክስት ጋ ያደገ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሆን የማያውቅ አለ? ሳህኑን አይቶ ነው የሚጎርሰው። ቆይቶ የድሬሰርነት ትምህርት ጀመረ፤ ከዚያ ደግሞ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ሆነ። አባትየው ወደ ጦርነት ሄደ፤ በ1942 እዚያው ቀረ።

በ1943 መጀመሪያ ልጁም ተራው ደረሰ። አሥራ ስምንት ዓመት ገና አልሞላውም። መጀመሪያ ያስገቡት ወደ እግረኛ ጦር ትምህርት ቤት ነው፤ ቢጨርስ መኮንን ሆኖ ይወጣ ነበር። አልጨረሰም፤ ምክንያቱ ድንች ነው። በሥልጠና ሰዓት ማሳ ላይ ከአዝመራ የተረፈ ድንች ሲለቅም ተያዘ፤ ማዕረግ የሚባል ነገር ቀርቶ ተራ ወታደር ተደርጎ ቀጥታ ወደ ግንባር ተላከ። ኩርስክ ላይ ተዋጋ፤ ያ ጦርነት ምን እንደነበር የታሪክ መጽሐፍ የገለጠ ያውቀዋል። ከዚያ የዲኒፐር ወንዝን መሻገር መጣ። መልእክት ይዞ በተኩስ መሃል ወንዙን ተሻግሮ አደረሰ። ለዚህ ሥራው «ለጀግንነት» የሚባለው ሜዳሊያ ተወሰነለት። ይቺን ሜዳሊያ ያዙልኝ።

በዲሴምበር 3 ቀን 1943፣ ኪየቭ ነፃ ከወጣች ከአንድ ወር በኋላ፣ እዚያው አካባቢ በተደረገ ውጊያ ተማረከ። ዚቶሚር፣ ሼፔቶቭካ፣ በርዲቼቭ፤ ከካምፕ ወደ ካምፕ አንድ ወር። በጃንዋሪ 7 ቀን 1944፣ ማለትም እኛም እነሱም ገናን በምናከብርበት ዕለት፣ ምርኮኞቹን በሰልፍ እየነዱ ወደ ሌላ ቦታ ሲወስዷቸው ድልድይ ሥር ገብቶ በረዶው ውስጥ ተለጠፈ። ሰልፉ አለፈ። ከዚያ ያ በእግሩ መቆም ያቃተው ልጅ እየተንፏቀቀ ዲሚትሮቭካ የምትባል መንደር ደረሰ። አንዲት የዩክሬን ባልቴት በሯን ከፈተችለት። ወር ለሚያህል ጊዜ ደብቃ አቆየችው። ጀርመኖች ቤቷ ቢያገኙት እሷንም ቤተሰቧንም እንደማይምሩ ታውቃለች። አወቀችው ወይ? አላወቀችውም። ዘመዷ ነው? አይደለም። ከፈተችለት፤ በቃ።

ሲያገግም የሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ተቀላቀለ፤ እነሱ ከመደበኛው ጦር ጋር ሲገናኙ ደግሞ ከጦሩ ጋር ቀጠለ። ዋርሶን ነፃ በማውጣቱ ውጊያ ነበረበት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ጀርመን አገር ውስጥ ነው። ሁለተኛ ሜዳሊያም ተሸልሟል። ሌላ አገር ቢሆን ይሄ ሰው ሐውልት ይሠራለት ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ስታሊን ገና በኦገስት 1941 ቁጥር 270 የተባለ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። የትእዛዙ መንፈስ ባጭሩ፣ እጁን የሰጠ ከሐዲ ነው፣ ቤተሰቡም ይጠየቃል የሚል ነው። ተማርከው የተመለሱ ሁሉ በደኅንነቱ ማጣሪያ አለፉ፤ ብዙዎቹ ከጀርመን ካምፕ ወጥተው ወደ አገራቸው ካምፕ ገቡ። ስሞክቱኖቪች እስር ቤት አልገባም። ግን በሠላሳ ዘጠኝ ከተሞች እንዳይኖር ተከለከለ። ሞስኮ አይቻልም፣ ሌኒንግራድ አይቻልም፣ ኪየቭ አይቻልም። ድልድይ ሥር በረዶ ውስጥ የተኛበት አንድ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት የተያዘበት ቀን ነው መዝገቡ ላይ የተጻፈው።

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ ላውራ። ያለ ምክንያት አይደለም የማወራው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ኦጋዴን ዘመተና ጠፋ። ሞተ ተባለ። አያቴ ለቅሶ ተቀመጠች፣ ተዝካሩን አወጣች፣ ጥቁሯን ለበሰች። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1980 ዓ.ም. ተስማምተው ምርኮኛ ሲለዋወጡ፣ ሰውዬው በእግሩ መጣ። አያቴ እሪ ብላ ደጅ ላይ ወደቀች ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩም። ዕልልታው፣ በጉ፣ ጠላው ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ዞር ሲል መንሾካሾክ ተጀመረ። «እንዴት ተያዘ? ሌላው እዚያ ሲቀር እሱ እንዴት ተረፈ? እጁን ሰጥቶ ይሆን እንዴ?» ፊት ለፊት የጠየቀው የለም፤ ቢጠይቁት ይሻል ነበር። ከዘመቻው በፊት ሹፌር ሆኖ ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት ቢሄድ «ፋይልህ ሟች ተብሎ ተዘግቷል» አሉት። ቆሞ እያዩት እኮ ነው! ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ እናቴ ቤት ተቀምጧል።

ጋሼ (እንዲህ ነበር የምንለው) ስለዚያ አሥራ አንድ ዓመት አያወራም ነበር። ይዞት የመጣው ሶማሊኛ ብቻ ነው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ በታክሲ ቦሌ ሚካኤል ድረስ እየሄደ ከሶማሌ ሽማግሌዎች ጋር በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጣ ይውላል። አንድ ቀን ልወስደው ሄጄ ሲስቅ አገኘሁት፤ እንባው እስኪወርድ። ምን እንዳሳቀው አላውቅም፤ ቋንቋውን አልሰማም። ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ጋሼ ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ዓይኑ ተናጋሪው ላይ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው።

የስሞክቱኖቭስኪን ሐምሌት መጀመሪያ ሳይ የታሪኩን አንድ መስመር አላውቅም ነበር። ምርኮኛ ይሁን መኮንን፣ ሳይቤሪያ ይወለድ ሞስኮ፣ ምንም። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ እሱ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ግን ደነገጥኩ፤ ያቺ አንገት፣ ያ በር በር የሚያይ ዓይን። ታሪኩን መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ከጦርነቱ እንደተመለሰ ክራስኖያርስክ ቴአትር ቤት ሥር የነበረ የትወና ስቱዲዮ ገባ። ብዙም አልቆየም። በ1946 ወደ ኖሪልስክ ሄደ። ኖሪልስክ ማለት ከዋልታ ክበብ ወዲያ ያለ፣ ኒኬል የሚወጣበት፣ እስረኞች የገነቡት ከተማ ነው። በክረምት ከስድስት ሳምንት በላይ ፀሐይ አትወጣም። ሰው ወዶ የሚሄድበት አገር አይደለም። እሱ ግን ወዶ ሄደ። ስሌቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ከዚያ የራቀ መጋዣ የለም! መጥተው ሊወስዱት ቢፈልጉ የሚወስዱት ወደዚያው ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ ሄዶ ተቀመጠ። ይሄ ቀልድ ይመስላል፤ ያኔ ግን እውነተኛ ጥበብ ነበር። የቤተሰቡን ስም ከስሞክቱኖቪች ወደ ስሞክቱኖቭስኪ የቀየረውም እዚያ ሳለ ነው።

የኖሪልስክ ቴአትር ራሱ ጉድ ነው። ተዋንያኑ ግማሹ ነፃ ሠራተኛ፣ ግማሹ ግዞተኛ። ከግዞተኞቹ አንዱ ጌዮርጊ ዥዦኖቭ ነበር። ዥዦኖቭ በ1938 ሰላይ ነህ ተብሎ ታስሮ ኮሊማን ቀምሶ የወጣ፣ ከዚያም እንደገና ተይዞ ኖሪልስክ የተጣለ፣ በኋላ ግን አገሩ ሁሉ የወደደው ተዋናይ ነው። ይሄ ሰው የልጁን ችሎታ አየ። «እዚህ ምን ትሠራለህ? አንተ እንደ እኔ አልታሰርክ፤ ውጣ፤ ሂድ» እያለ ጨቀጨቀው ይባላል። ለዝነኛው ኮሜዲያን ለአርካዲ ራይኪን የሚሰጥ ደብዳቤም ጻፈለት። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄን ነው። ራሱ መውጣት የማይችል ሰው ሌላውን በር ከፍቶ ሲገፋው። ከአምስት ዓመት በኋላ ብርዱና የምግቡ ጉድለት ጤናውን ሲያበላሸው በ1951 ወጣ።

ወጣና ምን ሆነ? ምንም። ማካችካላ ሠራ፤ ስታሊንግራድ ሠራ፤ ከአለቆቹ ጋር አልተስማማም። በ1955 ስታሊን ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበርና ሞስኮ መጣ። ሠላሳ ዓመቱ ነው። ቴአትር ቤቶቹን አንድ በአንድ አንኳኳ፤ አንዱም አልቀጠረውም። የሚለብሰው ያጣ ስለነበር በበጋ የበረዶ መንሸራተቻ ልብስ ለብሶ ይዞር ነበር፤ የሰው ፎቅ ደረጃ ላይም አድሯል። ዘበኞቹ ገና ሲያዩት በር ይዘጋሉ፤ አስቡት እስኪ፣ ሐምሌ ላይ ሹራብ በሹራብ ሆኖ «ተዋናይ ነኝ» የሚል ቀጭን ሰውዬ! በዚያው ሰሞን ሱላሚፍ ኩሽኒር ከምትባል፣ በሌኒን ኮምሶሞል ቴአትር አልባሳት ክፍል ከምትሠራ ሴት ጋር ተዋወቀ። ተጋቡ። እስኪሞት አብራው ነበረች። ሲያገኝም ሲያጣም ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ የሚያሳዝነው ስለ እሷ የተጻፈው ነገር ትንሽ ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

በሩ የተከፈተው በሲኒማ ነው። በ1956 «ወታደሮች» የሚል ስለ ስታሊንግራድ ጦርነት የሚያወራ ፊልም ላይ ፋርበር የሚባል፣ መነጽር ያደረገ፣ ዝምተኛ፣ ጦርነት የማይመስለው ሌተናንት ሆኖ ተጫወተ። ያን ፊልም ሌኒንግራድ ያለው የቦልሾይ ድራማ ቴአትር ዋና አዘጋጅ ጌዮርጊ ቶቭስቶኖጎቭ አየው። ቶቭስቶኖጎቭ የዶስቶየቭስኪን «ደደቡ» ወደ መድረክ ሊያመጣ እያሰበ ነበር፤ ለልዑል ሚሽኪን የሚሆን ሰው አላገኘም። ሚሽኪን ማለት ተንኮል የማያውቅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ክፉ ሰው ሁሉ ፊቱ ሲደርስ የሚያፍርለት ሰው ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው መድረክ ላይ ማስመሰል ከባድ ነው፤ ትንሽ ካበዛኸው ቂል ይሆናል፣ ትንሽ ካሳነስከው ሰባኪ ይሆናል። ቶቭስቶኖጎቭ የፋርበርን ዓይን አይቶ ይሄ ነው አለ።

ልምምዱ ግን ስቃይ ነበር። ስሞክቱኖቭስኪ ገጸ ባሕርዩ አልይዝለት አለ፤ የቴአትር ቤቱ አንጋፎች «ይሄን ከየት አመጣህብን» ማለት ጀመሩ፤ እሱ ራሱም ልተወው ብሎ ነበር። በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን በሌንፊልም ስቱዲዮ ግርግር መሃል አንድ ሰው ቆሞ መጽሐፍ ሲያነብ አየ። ግፊያው፣ ጩኸቱ፣ መብራቱ፣ ምንም አልነካውም። ቆሞ ያነባል። «ይሄ ሚሽኪን ነው» አለ በሆዱ። ቆይቶ ሲያጣራ ሰውዬው አሥራ ሰባት ዓመት በእስር ካምፕ የቆየ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ካምፕ ቆይቶ ማንንም የማይጠላ ፊት ይዞ የወጣ ሰው! ሚሽኪን ከዚያ ቀን በኋላ መጣለት፤ ድምፁ፣ እጁ፣ አረማመዱ።

ዲሴምበር 31 ቀን 1957 ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያዩ ሰዎች ሲጽፉ ያጋነኑ ይመስላል፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት። ሰዎች ከሌላ ከተማ በባቡር እየመጡ ተሰለፉ። መድረክ ላይ ጮኾ መናገር፣ ደረትን ነፍቶ መቆም በለመደበት ዘመን ይሄ ሰው በቀስታ፣ ሊሰበር በሚመስል ድምፅ ያወራ ነበር። የስታሊን ዘመን ገና በቅርቡ ነው ያለፈው፤ ብዙ ሰው ከካምፕ እየተመለሰ ነው፤ በየቤቱ እንደ እኛ ጋሼ ዓይነት ሰው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ተመልካቹ መድረኩ ላይ ያየው ዶስቶየቭስኪን ብቻ አይመስለኝም።

ሰላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። በአንድ ሌሊት ታዋቂ ሆነ የሚባለው እንደዚህ ነው፤ የአንድ ሌሊቱ ርዝመት አሥራ ሁለት ዓመት።

ከቶቭስቶኖጎቭ ጋር ብዙ አልቆየም፤ ሲኒማው ጠራውና በ1960 ለቀቀ። ቶቭስቶኖጎቭ ተቀየመ፤ በ1966 ግን ለለንደንና ለፓሪስ ጉዞ «ደደቡ» እንደገና ሲነሳ ተመልሶ ተጫውቷል። ሲኒማው ላይ በ1962 ሚኻኢል ሮም «የአንድ ዓመት ዘጠኝ ቀናት» ላይ ሳይንቲስት አደረገው፤ በዚያው ዓመት በፑሽኪን ድርሰት ላይ በተሠራ ፊልም ሞዛርትን ሆነ። (ፑሽኪንን የእኛ ነው የምትሉ ወዳጆቼ ደስ ይበላችሁ። የቅድመ አያቱ የትውልድ ቦታ ላይ የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።) የሚገርመው በ1979 ያው የፑሽኪን ድርሰት እንደገና ሲቀረጽ እሱ የተጫወተው ሳሊዬሪን ነው፤ ቀናተኛውን፣ መርዝ አጠጪውን። ወጣት እያለ የተመረዘው፣ ሲያረጅ መራዡ። ሁለቱንም አይታችሁ አወዳድሩ፤ አንድ ሰው ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሐምሌት በ1964 ወጣ። ዳይሬክተሩ ግሪጎሪ ኮዚንትሴቭ፣ ሙዚቃው የሾስታኮቪች፣ የሩሲያኛው ትርጉም የቦሪስ ፓስተርናክ። ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ ስሞክቱኖቭስኪም በቀጣዩ ዓመት የሌኒንን ሽልማት ወሰደ። ትናንት ሌኒንግራድ መኖር የተከለከለው ሰው ማለት ነው!

ሐምሌትን እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው የምናውቀው፤ ቃሉ የሚያገሳ፣ መድረክ የሚያናጋ። የኮዚንትሴቭ ፊልም ተቃራኒው ነው። ድንጋይ፣ ብረት፣ እሳት፣ ባሕር፤ ቃሉ በጣም ተቆርጧል። የጥርጣሬ ሰው፣ ቆራጥነት ያነሰው ልዑል የምትጠብቁ ከሆነ እዚህ የለም። ይሄ ሐምሌት ማን ምን እንደሠራ ያውቃል፤ ችግሩ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ጆሮ ነው። በየግድግዳው ሰላይ አለ። ሁለቱ የልጅነት ጓደኞቹ ሊሰልሉት መጥተው ሆዱን ሊያወጣጡት ሲሞክሩ፣ ዋሽንት አንስቶ ተጫወቱ የሚላቸው ቦታ አለ። አንችልም ይላሉ። ይቺን እንጨት መጫወት ካቃታችሁ እኔን እንዴት ልትጫወቱብኝ አሰባችሁ ነው ነገሩ። ሌሎች ተዋንያን እዚህ ቦታ ላይ ይቆጣሉ። እሱ አይቆጣም፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ በትሕትና በሚመስል ድምፅ ነው የሚናገረው። ምርመራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ያቺን ቦታ ደጋግሜ ስንቴ እንዳየኋት አልነግራችሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ሐምሌት ራሱን ቀለደበት። ኤልዳር ሪያዛኖቭ «ከመኪናው ተጠንቀቅ» ለሚለው ኮሜዲ ፈለገው። ስሞክቱኖቭስኪ ደክሞኛል፣ አሞኛል ብሎ እምቢ አለ። ሪያዛኖቭ ሌኒንግራድ ድረስ ሄዶ፣ ከከተማ ወጣ ያለው የበጋ ቤቱ ገብቶ፣ ለምኖ ለምኖ እሺ ካሰኘው በኋላ በቃሉ አላመነውም፤ «እሠራለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርሞት ተመለሰ። ደግ አደረገ። ፊልሙ ላይ ዩሪ ዴቶችኪን የሚባል የኢንሹራንስ ሠራተኛ አለ። የጉቦኞችንና የሌቦችን መኪና እየሰረቀ ይሸጣል፤ ገንዘቡን ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ይልካል፤ የውሎ አበሉን ሳይቀር በደረሰኝ ይመዘግባል። የሚያሳድደው መርማሪ ኦሌግ ኤፍሬሞቭ ነው። ሌባውና መርማሪው በአንድ አማተር የቴአትር ክበብ አባላት ናቸው፤ አዘጋጁ ቀድሞ የእግር ኳስ አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው፤ የሚለማመዱት ደግሞ ሐምሌትን። ሌባው ሐምሌት፣ ፖሊሱ ላኤርቴስ። መጨረሻ ላይ ዴቶችኪን ታስሮ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ሲመለስ የትሮሊባስ ሹፌር የሆነችው እጮኛው በመስታወት ውጭ ታየዋለች። ኮሜዲ ነው። እኔ እዚያ ላይ አልሳቅሁም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። በ1970 ቻይኮቭስኪን ሆኖ በሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት «ወንጀልና ቅጣት» ላይ ራስኮልኒኮቭን የሚያሽከረክረውን መርማሪ ፖርፊሪን ሆነ፤ እዚህ ደግሞ መርማሪው እሱ ነው፣ እንዴት እንደሚያስፈራ! የኮንቻሎቭስኪ «አጎት ቫንያ»ም የዚያው ሰሞን ነው። በማሊ ቴአትር በ1973 ደጉንና ደካማውን ንጉሥ ፊዮዶርን ተጫወተ፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ እስኪሞት የሞስኮ አርት ቴአትር ሰው ሆነ። እዚያ የጠራው ያው መርማሪው ኤፍሬሞቭ ነው፤ በቼኾቭ «ኢቫኖቭ» ነበር የጀመሩት።

ጻድቅ አድርጌ እንዳልስለው ብቻ። ትሕትና የሚሉትን ነገር ብዙም እንዳልነበረው፣ ችሎታውን ራሱ እንደሚያውቅና እንደሚናገርም አብረውት የሠሩ ይተርካሉ። ከመቶው ፊልሞች ውስጥም እሱን የማይመጥኑ አሉ። ቤተሰብ የሚያበላ ሰው ነበር፤ የተራበ ልጅ ሲያድግ ሥራ እምቢ አይልም። ይሄን የሚነቅፉ ተቺዎችን አንብቤአለሁ፤ ድንች የለቀሙ አይመስሉኝም።

ስለ ምርኮው ለረጅም ዓመታት በአደባባይ ብዙ አልተናገረም። በኋላ ሲጽፍ ግን ያቺን በሯን የከፈተችለትን ባልቴት አልረሳትም።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ሜዳሊያ። ዲኒፐርን የተሻገረበት በ1943 ተወስኖ በምርኮው፣ በግዞቱ፣ በስም ለውጡ መሃል የሆነ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ነበር። እጁ የገባው ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የሞስኮ አርት ቴአትር መድረክ ላይ፣ የቡልጋኮቭን ስለ ሞልዬር የሚያወራ ተውኔት ተጫውቶ እንደጨረሰ፣ እዚያው ተመልካቹ ፊት ሰጡት። የቴአትር ልብሱን ለብሶ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሕዝብ አርቲስት፣ የሶሻሊስት ሥራ ጀግና፣ ምኑ ቅጡ፣ የቀረው ሽልማት የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 3 ቀን 1994፣ ሞስኮ አጠገብ ባለ ማገገሚያ በልብ ሕመም አረፈ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ኖቮዴቪቺ ነው የተቀበረው።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ሞስፊልም የቆዩ ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ከነትርጉም ጽሑፋቸው በነፃ ለቋል። በ«ከመኪናው ተጠንቀቅ» ጀምሩ፤ ቀላልና ጣፋጭ ነው። ከዚያ «አጎት ቫንያ»ን፣ ከዚያ ሐምሌትን። ሐምሌትን ግን እባካችሁ በስልክ አትዩት። ሰው ቤትም ሄዳችሁ ቢሆን ትልቅ ቲቪ ፈልጉ፤ በስልክ ባሕሩ ይጠፋባችኋል።